የሚቆረጠው ዛፉ አይደለም

ዘይቱን፣ አንዳንዶች ጓቫ የሚሉት ፍሬ፣ የባሕር ዳር አየር ይስማማዋል። በግቢዬ ያለው ዛፍ 11 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ የሰፈር ልጆች «ሲስተር፣ ዘይቱኑ ደርሷል?» እያሉ በሬን ያንኳኳሉ። ደስ እያለኝ እሰጣቸዋለሁ። 100 ግራም ዘይቱን ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለው፤ ከብርቱካን አራት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ይህ ቫይታሚን በጤፍና በምስር ውስጥ ያለውን የብረት ንጥረ ነገር ሰውነታችን እንዲጠቀምበት ያግዛል።

ባለፈው ዓመት ግን ፍሬው ትል በትል ሆነ። የጎረቤቴም ዛፍ እንዲሁ። አንዲት እናት «ሲስተር፣ ልጄን ወስፋት ሊያስይዙብኝ ነው?» ብላ መጣች። ጎረቤቴ ደግሞ መጥረቢያቸውን ሳሉ።

ለእናትየው እንዲህ አልኳት፦ ይህ ትል የፍሬ ዝንብ እጭ ነው፤ ወስፋት አይሆንም። ወስፋት የሚይዘን በዓይነ ምድር ከተበከለ አፈር፣ ካልታጠበ እጅና ካልታጠበ ምግብ ነው። ልጆቹ እጃቸውንም ፍሬውንም ይጠቡ፤ ገምሰው አይተው ይብሉ።

ለጎረቤቴ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በጤና ጣቢያ ሳስተምር የኖርኩትን ደገምኩላቸው። ተላላፊ በሽታ የሚቆመው መተላለፊያው ሲዘጋ ነው። ዝንቧ እንቁላሏን ከፍሬው ልጣጭ ሥር ትጥላለች። እጩ ፍሬውን በልቶ ሲያድግ አፈር ውስጥ ይገባል፤ ዝንብ ሆኖም ይወጣል። የወደቀው ፍሬ መሬት ላይ ከቆየ ለከርሞ የሚመጣውን ዝንብ የምናሳድገው እኛው ነን።

ዛፉን አንድ ምርት ብቻ እንዲታገሡት ለመንኳቸው፤ እሺ አሉኝ። ዘይቱን የሚያፈራው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ፣ ምርቱ ሲያልቅ ሁለቱንም ዛፎች እጅ እንዲደርስባቸው ዝቅ አድርገን ከረከምን። አዲሱን ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ በወረቀት ከረጢት ሸፈንነው። የወደቀውን ጠዋት ጠዋት እየለቀምን፣ በፌስታል አጥብቀን አስረን ፀሐይ ላይ እናቆየዋለን። ኮምፖስት ውስጥ አንጨምረውም።

ዘንድሮ ትሉ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ከ10 ፍሬ ሁለት ሦስቱ ላይ ቢገኝ ነው። የጎረቤቴ መጥረቢያም ማገዶ ይፈልጥበታል።

ዝንብን አጥር አያግዳትም። የእናንተም ዘይቱን ትል ካበዛ፣ መጥረቢያ ከማንሳታችሁ በፊት ከጎረቤታችሁ ጋር ተመካከሩ።