የተወጋ ልብ ስፌት

ልቡ የተወጋን ሰው ቶሎ የሚገድለው ሁልጊዜ ወደ ውጭ የሚፈሰው ደም አይደለም። ልብን የሸፈነው ከረጢት በቀላሉ ስለማይለጠጥ፣ ከቁስሉ የሚወጣው ደም እዚያው ተጠራቅሞ ልብን ያፍነዋል። የታፈነ ልብ ተዘርግቶ ደም መቀበል ያቅተዋል። የደም ግፊት ይወርዳል፣ የአንገት ደም መልሶች ይገተራሉ፣ የልብ ድምፅም ይደክማል። አሜሪካዊው ክላውድ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1935 አንድ ላይ ያስቀመጣቸው ሦስት ምልክቶች እነዚህ ናቸው። መማሪያ መጻሕፍት ቢወዷቸውም ሦስቱ ተሟልተው የሚታዩት በጥቂቶች ላይ ነው፤ ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው የአንገቱ ደም መልስ ላይገተር ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የሚታመነው አልትራሳውንድ ነው።

ያው ከረጢት ባለውለታም ነው። ደሙን ለጊዜው አግዶ ስለሚይዝ፣ በጩቤ የተወጋ ሰው በጥይት ከተመታው ይልቅ በሕይወት ሆስፒታል የመድረስ የተሻለ ዕድል አለው።

እ.ኤ.አ. በ1895 ኖርዌያዊው አክስል ካፕለን፣ ቀጥሎም ጣሊያናዊው ጊዶ ፋሪና የተወጋ ልብ ሰፍተው ነበር፤ ታካሚዎቻቸው ግን ከቀናት በኋላ ሞቱ። በሴፕቴምበር 9 ቀን 1896 ፍራንክፈርት ውስጥ ሉድቪግ ሬን ከሁለት ቀን በፊት የተወጋ የ22 ዓመት አትክልተኛን ደረት ከፈተ። ከቀኙ የታችኛው የልብ ክፍል፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ከምታህል ቀዳዳ ደም ይወጣል። ቀዳዳዋን በጣቱ ቢደፍናትም የሚመታው ልብ ከጣቱ ሥር እያፈተለከ አስቸገረው። ልቡ በተዘረጋ ቁጥር መርፌውን እያሳለፈ በሐር ክር ሦስት ስፌት ጣለ፤ በሦስተኛው ደሙ ቆመ፣ ልጁም ዳነ።

ዛሬም የመጀመሪያው መሣሪያ ጣት ነው። ጩቤው ተሰክቶ ከመጣ ደረቱ ሳይከፈት አይነቀልም። ጊዜ ከሌለ በግራ በኩል በጎድን አጥንቶች መካከል፣ ፋታ ካለ ፍርምባው መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ ይገባል። ከረጢቱ ሲቀደድ ወደ ድያፍራም የሚወርደው ነርቭ እንዳይቆረጥ ይጠነቀቁለታል። ጣት ካልበቃ የሽንት ካቴተር በቀዳዳው ገብቶ ፊኛው ይነፋል፤ በኃይል ከተሳበ ግን ቀዳዳውን ያሰፋዋል። የልብ ሥጋ በክር እንዳይቀደድ ስፌቱ ሥር ትንንሽ የጨርቅ ቁራጮች ይደረጋሉ። ቁስሉ ልብን ከሚመግበው ደም ቅዳ አጠገብ ከሆነ መርፌው በሥሩ አልፎ ይወጣል፤ ከላይ የታሰረ ክር ቧንቧውን ይዘጋዋልና።

ስፌቱ ካለቀ በኋላ ባሉት ቀናት ልብ እንደገና በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ስለቱ የውስጡን ግድግዳ በስቶ ወይም ቫልቭ ቆርጦ ሊሆን ይችላል፣ ይህም ከውጭ አይታይም።