የፌርፋክስ ጭልፊት

ሊትል ኢትዮጵያ ስትመጡ ዓይናችሁ የሚያርፈው ምግብ ቤቱና ሱቁ ላይ ነው። ከተማው በኦሎምፒክና በዊትወርዝ መካከል ያለውን የፌርፋክስ ጎዳና በስማችን የሰየመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ከበላችሁ በኋላ ግን ልጆቹን ይዛችሁ በጎን መንገዶቹ ዞር ዞር በሉ፤ ቀና ብላችሁም እዩ። የመብራት እንጨት ጫፍ ላይ ጭልፊት ታገኙ ይሆናል። ትልቁ ጅራቱ ቀላ ያለ ነው። አነስ ያለው ኩፐርስ ሆክ በዛፎች መሀል ሹልክ ብሎ ይመጣል።

ጓሮአችሁ ዶሮ ካለ ነገሩ ይመለከታችኋል። አገር ቤት ልጆች እየጮኹ በድንጋይ ያባርሩታል። እዚህ ድንጋዩን ተዉት! የ1918ቱ የስደተኛ ወፎች ሕግ ዛሬ ጭልፊትንም ይጠብቃል፤ ያለ ፈቃድ መግደልም ማጥመድም ክልክል ነው። (ስደተኛ በሕግ ሲጠበቅ ማን ይጠላል?)

ዋናው ነገር ጣሪያ ነው። ብዙ ሰው ዙሪያውን አጥሮ ላዩን ይረሳል። ላዩን በመረብ ሸፍኑት። ለማደሪያው ግን ቀዳዳው ግማሽ ኢንች የሆነ ጠንካራ ሽቦ ግዙ፤ ቀጭኑን ራኩን ይቀደዋል። መሸሸጊያ ቁጥቋጦም ይኑር።

ልጆች፣ ዶሮዋ አንገቷን አዘንብላ በአንድ ዓይኗ ወደ ሰማይ ካየች እናንተም እዩ። አውራ ዶሮ ጥሩ ዘበኛ ነበር፤ ከተማው ግን በአንድ ግቢ ከአንድ በላይ አይፈቅድም፣ ጎረቤትም እንቅልፍ አለው።

እኔ ዶሮ ወጥ ሸጬ ነው የምኖረው። ልጅ ስም ያወጣላት ዶሮ ግን ሌላ ናት። ሲመሽ ቆጥ ላይ መውጣታቸውን ቆጥራችሁ በሩን ዝጉ፤ ማታ ጭልፊቱ ባይኖርም ራኩንና ኮዮቲ አሉ።