የዘመኑ መሣሪያ በአረጋውያን መጦሪያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ሐዋርያው ቅዱስ ዮሐንስ በሁለተኛው መልእክቱ መጀመሪያ ላይ ራሱን ሽማግሌ ብሎ ይጠራል። በመልእክቱ መጨረሻ ደግሞ ገና ብዙ የሚጽፈው እንዳለው፣ ነገር ግን ሁሉን በወረቀትና በቀለም ሊጨርሰው እንዳልወደደ፣ ይልቁንም መጥቶ ፊት ለፊት ሊያነጋግራቸው ተስፋ እንደሚያደርግ ይገልጣል (2ኛ ዮሐ. 1፥12)። ወረቀትና ቀለም በዚያ ዘመን ሩቁን የሚያቀርቡ መሣሪያዎች ነበሩ። ሐዋርያው አልናቃቸውም፤ ተጠቅሞባቸዋል። በእነርሱ ብቻ ግን አልረካም። መሣሪያው ወደ ሰው የሚያደርስ መንገድ እንጂ በሰው ፈንታ የሚቆም እንዳልሆነ ያውቅ ነበርና።

ይህን ክፍል ደጋግሜ የማስበው ሰንበት ትምህርት ቤታችን በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በሚሰጠው አገልግሎት ምክንያት ነው። የበጎ አድራጎት ክፍላችን በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደዚያ ይሄዳል። በዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ምሕንድስና የምማር በመሆኔ፣ ልብስ ከማጠብና ክፍል ከማጽዳት ቀጥሎ የስልክና የቴሌቪዥን ጉዳይ ሁሉ የእኔ ድርሻ ሆኗል። በሁለት ዓመት አገልግሎት ካየሁት ለሌሎች አጥቢያ ወጣቶች ይጠቅማል ያልሁትን እነሆ።

ከዕቃው በፊት ሰው

አንድ በጎ አድራጊ ለመጦሪያው 6 ታብሌቶች ለግሰው ነበር። ታብሌቶቹ ግን ለወራት ከነካርቶናቸው በቁም ሣጥን ተቀምጠው ቆዩ። ተንከባካቢዎቹን መውቀስ አይገባም፤ ጥቂት ሆነው ብዙ አረጋውያንን የሚያጥቡ፣ የሚያጎርሱና የሚያነሡ ናቸው። የጎደለው አጠገብ ቁጭ ብሎ በትዕግሥት የሚያሳይ ሰው ነበር።

ካርቶኑ ሲከፈት አንዲት እናት ስክሪኑን ደጋግመው ነኩና፦ «ይኸም እንደ ሰው አይሰማኝም» አሉ። ምክንያቱ ግን እርሳቸው አልነበሩም። የንክኪ ስክሪን የሚሠራው የጣትን ኤሌክትሪካዊ ጠባይ በመለየት ነው፤ በዕድሜ የደረቀ ቆዳ ሲነካው ቶሎ ላይለየው ይችላል። ጣታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ሲያደርጉት ታዘዘላቸው። ፊደሉን ማግዘፍ፣ ቋንቋውን ወደ አማርኛ መለወጥ፣ በስም ፈንታ የልጅን ፎቶግራፍ ማስቀመጥ፣ የማያስፈልገውን ሁሉ ከፊት ማንሣት፤ እነዚህ የጥቂት ደቂቃ ሥራዎች ናቸው። ባለ ቁልፍ ስልክ የሚሻላቸውንም «ዘመናዊ ካልሆኑ» ብለን አናስጨንቅ። መስማት ለደከማቸውም መጮኽ መፍትሔ አይደለም፤ በእርጅና አስቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ስለሆነ፣ ፊት ለፊት ሆኖ ረጋ ባለ ወፍራም ድምፅ መናገር ይሻላል።

ጥሪውና ከጥሪው በኋላ ያለው ሰዓት

ልጃቸው በቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እናት አሉ። እርሷ የምታርፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ መጦሪያው ውስጥ ኢንተርኔት የሚሞላ ወይም ስልክ የሚይዝላቸው ሰው አይገኝም ነበር። ያደረግነው ነገር ትንሽ ነው፤ ከአባላቱ መዋጮ የኢንተርኔት ጥቅል እንገዛለን፣ ሰዓቱን ከልጂቱ ጋር አስቀድመን እንቀጥራለን፣ በተራ አንድ ሰው እንመድባለን። በኢሞ መጀመሪያ የተያዩ ዕለት እናቲቱ ከሰላምታ በኋላ የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፦ «እጅሽን አሳዪኝ።» ልጂቱ እጆቿን አዙራ አሳየቻቸው። እናቲቱ መዳፏን፣ ጣቶቿን፣ ክንዷን ለረጅም ጊዜ መረመሩ። በድምፅ ብቻ «ደኅና ነኝ» የሚለውን ቃል ዓመታት ሲሰሙ ኖረዋል፤ በዐይናቸው ያረጋገጡት ግን በዚያች ቀን ነው። ቴክኖሎጂ ምን ይጠቅማል ለሚለኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ ይህ ነው።

ጥሪው ሲያበቃ ግን ክፍሉ ከቀድሞው ይልቅ ጸጥ ይላል። ስለዚህ የተመደበችው እኅት ስልኩን ይዛ ወደ ሌላው አትሮጥም፤ ቢያንስ ቡና እስኪፈላ ድረስ አብራቸው ትቀመጣለች፣ ስለ ልጃቸው ሲያወሩ ትሰማለች። ደግሞም በዚያው ክፍል የሚደውልላቸው የሌላቸው አረጋውያን አሉ። የሌላው ልጅ ድምፅ ሲሰማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ የሚያዞሩ አይቻለሁ። ጥሪው ለብቻ በሆነ ስፍራ እንዲደረግ የወሰንነው፣ ከአባላቱም እያንዳንዱ በሳምንቱ መካከል አንድ አረጋዊ ስም ጠርቶ እንዲደውል የተስማማነው ስለዚህ ነው።

ቅዳሴው ሲሰማ

ነቢይት ሐና በመበለትነትና በእርጅና ሳለች በጾምና በጸሎት እያገለገለች ከመቅደስ አትለይም ነበር (ሉቃ. 2፥36-38)። ዛሬ ልባቸው እንደ ሐና የሆነ፣ እግራቸው ግን እምቢ ያላቸው ብዙዎች ናቸው። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ሕማማትንና ትንሣኤን በየቤታችን ሆነን በቴሌቪዥን ስንከታተል፣ ለእነዚህ ወገኖች የዘወትር ኑሮ የሆነውን ናፍቆት ለጥቂት ሳምንታት ቀምሰነዋል።

በመጦሪያው የሚተኙ አንድ አባት ቅዳሴው ሊጀመር ሲል ነጠላቸውን በትእምርተ መስቀል እንድናጣፋላቸው፣ ካልሲያቸውንም እንድናወልቅላቸው ይጠይቃሉ። ስልኩ ትራሳቸው ላይ ነው፤ እርሳቸው ግን ደጀ ሰላም ደርሰዋል። እኛ በመንገድ ስንሄድ፣ ምግብ ስንበላ ቅዳሴ ለምንከፍት ወጣቶች ይህ ራሱ ትምህርት ነው።

ሁለት ነገር ግን እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ በአንድ ክፍል የሌላ እምነት ተከታዮችና ሕመም ያልተዋቸው ሰዎችም አሉ፤ የጆሮ ማዳመጫ መጠቀም የፍቅር ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ሥርጭቱ ምሥጢራትን አይተካም። ሥጋውና ደሙ በስክሪን አይሰጥም። ካህኑ ወደ እነርሱ እንዲመጣ ማሳሰብ፣ መቀመጥ የሚችሉትን በበዓላት በመኪና ወደ ቤተ ክርስቲያን ማድረስ የእኛ ግዴታ ሆኖ ይቀራል።

አረጋውያን ሰጪዎችም ናቸው

በወጣትነታቸው በጎጃም ቅኔ የተማሩ አንድ የኔታ በዚያው አሉ። በፈቃዳቸው ስለ ተማሪ ቤት ኑሮ፣ ስለ ቅኔ አቈጣጠርም የሚናገሩትን በስልክ እንቀዳለን። ከቀዳን በኋላ ራሳቸው ያዳምጡታል፤ አንዳንዴም «ይህን አጥፋው ልጄ፣ እንደገና ልበለው» ይሉናል። ሲያርሙን ድምፃቸው ይበረታል፣ ቀና ይላሉ። በዚያች ሰዓት ተረጂው እኔ ነኝ። አረጋዊን የሚጎዳው ማጣት ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ የሚፈለግ ነገር የለም መባልም ነው።

ካሜራችን

በበዓል ቀን ወጣቶች ምግብና ካሜራ ይዘው ይመጣሉ። ሲያጎርሱ ይቀረጻሉ፣ ምሽቱን በቲክቶክና በፌስቡክ ይለቃሉ። አንዲት እናት እንዲህ ብለውኛል፦ «እዚህ መግባቴን የድሮ ጎረቤቶቼ አያውቁም ነበር። አሁን ሁሉም አየኝ።» ያቺን ጉርሻ የሰጠ ልጅ ክፉ አሳብ አልነበረውም። ነገር ግን አረጋዊቷ ሸሽገው የያዟት የመጨረሻ ክብር በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ተወሰደች። ጌታችን ቀኝ የምትሠራውን ግራ እንዳታውቅ ያዘዘው (ማቴ. 6፥3)፣ ሕገ ኦሪትም ሽበት ላለው ተነሥተን ክብር እንድንሰጥ ያስተማረችው (ዘሌ. 19፥32) ለዚህም ዘመን ነው።

ካሜራ ራሱ ርኩስ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በቀጥታ የኢንተርኔት ሥርጭት ሕዝቡ ያሳየውን ልግስና እናስታውሳለን። እኛ የያዝነው ደንብ ይህ ነው፦ አስቀድሞ መጠየቅ፣ የተቀረጸውን ማሳየት፣ «አይሆንም» ሲሉ ምክንያት አለመጠየቅ፣ ፈቃዳቸውን መግለጥ የማይችሉትን ፈጽሞ አለመቅረጽ።

ስለ ገንዘብም አንድ ቃል። «ሽልማት ደርሶዎታል» እያሉ የቴሌብር የምስጢር ቁጥር የሚጠይቁ አታላዮች አረጋውያንን ያጠምዳሉ። ቁጥሩን ለማንም፣ ለእኛም ቢሆን እንዳይናገሩ ደጋግመን እናስረዳቸው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ በየአጥቢያችን ልጆቻቸው በባሕር ማዶ የሚኖሩ፣ ብቻቸውን የቀሩ አረጋውያን አሉ። በዚህ ሳምንት ወደ አንዱ ቤት ስንሄድ ስልካችንን ይዘን እንሂድ፤ የናፈቁትን ሰው ጠይቀን እንደውልላቸው። ጥሪው ሲያበቃ ደግሞ ስልኩን በኪሳችን ከተን እንቀመጥ።

አምላከ ቅዱሳን አረጋውያንን በጤና ይጠብቅልን፣ ለእኛም የሚያገለግል ልብ ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።