በበረዶ ላይ ለመራመድ ክብደትን ማወቅ



በአገራችን «በረዶ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ የደረሰ ሰብል የሚያወድመውን ጠጠር ነው። እሱም ብዙ ሳይቆይ ቀልጦ ይጠፋል። በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የምትኖረውን እህቴን ልጠይቅ በሄድኩ ጊዜ ያየሁት በረዶ ግን ሌላ ነው። እንደ ተነደፈ ጥጥ ለስልሶ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል፤ በተራራው ላይም ለወራት ሳይቀልጥ ይከመራል።

ሰማዩ በጠራ ቀን ከእህቴ ሰፈር ሬይኒየር ተራራ ይታያል። ከፍታው 4,392 ሜትር ነው። እህቴ በከተማይቱ አሥራ አምስት ዓመት ስትኖር ተራራውን ከሩቅ ከማየት በቀር ቀርባው አታውቅም። «የብርድ ወራት ለእኔ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ነው» ትላለች። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ ግን ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር በበረዶ ላይ መራመድን ተምሯል። «እማዬ፣ አንድ ቀን አብረሽኝ ሂጂ» እያለ ሲለምናት ሁለት ዓመት ሆኖታል። የእኔ እንግድነት ምክንያት ሆነና እሺ አለች። ለአንድ የታኅሣሥ ቅዳሜ ተቀጣጠርን፤ የዘጠኝ ዓመቷ ታናሽ እህቱም አብራን እንድትሄድ ተወሰነ።

የጠፍር አልጋ የሚመስለው ጫማ

በጥልቅ በረዶ ላይ በተራ ጫማ የሚራመድ ሰው እግሩ እስከ ጉልበቱ፣ አንዳንዴም እስከ ጭኑ ይሰምጣል። ጥቂት ደቂቃ እንደተራመደ ጉልበቱ ይዝላል። ለዚህ የተገኘው መላ «ስኖውሹ» የሚባለው የበረዶ መራመጃ ነው። በተራው ጫማ ሥር ይታሰርና የሰውየውን ክብደት በሰፊ ቦታ ላይ ያሰራጨዋል። ግመል በአሸዋ ላይ በቀላሉ የማትሰምጠው በዚሁ ምክንያት አይደለምን? በእነዚያው ተራሮች የሚኖር አንድ የጥንቸል ዓይነትም በሰፋፊ የኋላ እግሮቹ በበረዶው ላይ ሳይሰምጥ ይሮጣል።

የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ይህን መራመጃ ከጥንት ጀምሮ ይሠሩ ነበር። እንጨቱን አጉብጠው ክፈፍ ያወጡና መሃሉን በጥሬ ቆዳ ጠፍር ይጠልፉታል። የድሮውን ሥራ ሳይ በልጅነቴ የተኛሁበት የአያቴ የጠፍር አልጋ ትዝ አለኝ። የዛሬው በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን፣ ከሥሩ እንዳያንሸራትት የሚነክስ የብረት ጥርስ አለው። የጫማው ፊት ይታሰራል፤ ተረከዙ ግን እንደ ልብ እንዲነሳ ነፃ ነው።

እንዴት ይመረጣል?

መራመጃውን ለመከራየት ወደ አንድ ሱቅ ሄድን። እኔም «ትልቅ ከሆነ አያሰምጥም» ብዬ ከሁሉ የረዘመውን አነሳሁ። የእህቴ ልጅ ሳቅ እያለ፣ «አጎቴ፣ ይኼ ካንተ በጣም ለሚከብድ ሰው ነው። እግርህን ስታነሳ ይጎትትሃል» አለኝ። በክፍል ውስጥ ተማሪ የማርም ሰው ተማሪ ሆንኩ!

መለኪያው የሰውየው ቁመት ወይም የጫማው ቁጥር ሳይሆን ክብደቱ ነው፤ ይኸውም ከልብሱና ከጀርባው ሻንጣ ጋር ተደምሮ። ልኩ ከአምራች አምራች ቢለያይም፣ ባለ 63 ሴንቲ ሜትሩ በአብዛኛው ከ55 እስከ 90 ኪሎ ለሚመዝን፣ ባለ 76ቱ ደግሞ ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ይሆናል። የልጆች የሚባለው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የበረዶውም ዓይነት ይታያል። እንደ ዱቄት ለበነነ ትኩስ በረዶ ሰፋ ያለ፣ ለተረገጠ ወይም እርጥብና ከባድ ለሆነ በረዶ አነስ ያለ ይበቃል። ባጭሩ ክብደትን ከሚሸከሙት ውስጥ ትንሹን መምረጥ ነው።

ልብስም የዚያኑ ያህል ያስፈልገዋል። ጥጥ ላብንና ውሃን ይዞ ገላን ያቀዘቅዛል፤ ጂንስ ሱሪና የጥጥ ካልሲ ለበረዶ አይሆኑም። ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ደራርቦ መልበስ፣ ላብ ሲመጣ አንዱን ማውለቅ ይገባል። እህቶችም ልብ ይበሉ፦ እስከ መሬት የወረደ ቀሚስ በመራመጃው ሥር ገብቶ ይጥላል። እህቴ ሰፊ ሱሪ ለብሳ ቀሚሷን እስከ ቅልጥሟ አሳጠረች፤ በረዶ ወደ ጫማዋ እንዳይገባም የቅልጥም መሸፈኛ አሰረች። ለሁላችንም ጫፋቸው ሰፊ ክብ ያላቸው ምርኩዞች ተከራየን።

በፓራዳይዝ

ፓራዳይዝ፣ ማለትም «ገነት» የተባለው ሥፍራ 1,650 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1971 እስከ 1972 በነበረው አንድ የበረዶ ወቅት በዚያ የወረደው ሲደመር 28.5 ሜትር ሆኖ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። በብርድ ወራት መንገዱ ስለሚዘጋ ከመነሳት በፊት ክፍት መሆኑን ማረጋገጥ ግድ ነው። ከኖቬምበር 1 እስከ ሜይ 1 ማንኛውም ተሽከርካሪ የጎማ ሰንሰለት መያዝ አለበት።

አረማመዱ አይከብድም። እግርን ከወትሮው ትንሽ ከፈት አድርጎ መራመድ ነው፤ አለዚያ የራስን መራመጃ ረግጦ መውደቅ አለ። ዳገት ሲሆን የጫማውን ፊት በረዶው ውስጥ ሰካ ማድረግ፣ ቁልቁለት ሲሆን ጉልበትን ሸብረክ አድርጎ ክብደትን ወደ ተረከዝ ማሳረፍ ነው። ወደ ኋላ መራመድ አስቸጋሪ ነው፤ ክብ ሠርቶ መዞር ይሻላል። ይህን ሳልሰማ ቀርቼ በጀርባዬ ወደቅሁ። ትንሿ ልጅ እስኪያማት ሳቀች።

ከፊት ልጁ፣ ቀጥሎ እናቱ፣ ከዚያ ትንሿ፣ በመጨረሻ እኔ ሆነን ሄድን። የፊተኛው በረዶውን እየረገጠ መንገድ ያወጣል፤ የኋለኞቹ ያን ዱካ ይከተላሉ። የዙህር ሰዓት ሲደርስ አንድ ሜዳ ላይ ቆምን። መራመጃው ከወለቀ ሰው ስለሚሰምጥ፣ አራታችንም ወዲያ ወዲህ እየተመላለስን በረዶውን ረገጥነው። የተረገጠ በረዶ ጥቂት ደቂቃ ሲተዉት ይጠነክራል። ከዚያም መራመጃችንን አውልቀን፣ ምንጣፋችንን ዘርግተን ሰገድን።

መመለስን ማወቅ

ልጁ ከቤት ስንወጣ «7 ሰዓት ተኩል ሲሆን የትም ብንሆን እንመለሳለን» ብሎ ነበር። በታኅሣሥ በዚያ አገር ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሰዓቱ ሲደርስ ከፊታችን አንድ ገደል መሰል ዳገት ነበር። ከላዩ ተራራው ቁልጭ ብሎ ይታያል ተብሎልኛል። ጉም መውረድ ጀምሯል። እኔ በልጅነቴ ከደሴ በላይ ያለውን ጦሳን ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ! «ሩብ ሰዓት ብቻ እንጨምር» አልኩ።

ልጁ በአክብሮት ግን ሳያወላውል መለሰልኝ። «አጎቴ፣ የዚህ ዳገት ቁልቁለት ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። በብዛት በረዶ የሚናደው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ቦታ ነው። ጠዋት ትንበያውን አይቻለሁ፤ ዛሬ እንዲህ ባለ ዳገት አይወጣም። ጉሙ ከሸፈነን ደግሞ ዱካችንም አይታየንም።» እኔ የመልስ ምት ስፈልግ ትንሿ ልጅ እግሯ እንደቀዘቀዘ ተናገረች። ለካ በእልህ የጥጥ ካልሲዋን አልለወጠችም ነበር።

እህቴ ወደ እኔ አየች፤ ወዲያው ወደ ልጇ ዞረች። «አንተ ምራን» አለችው። ይህን የምትለው እናት ከሁለት ዓመት በፊት ብቻውን አውቶቡስ እንዳይሳፈር የከለከለችው ናት። ዞርን። ጥቂት እንደሄድን ዳገቱም፣ ከኋላችን የነበሩት ዛፎችም በጉም ተሸፈኑ። ትኩስ ሻይ ከፔርሙስ ቀድተን፣ የልጅቷን እግር በደረቅ የሱፍ ካልሲ ጠቅልለን፣ ሳይመሽ መኪናችን ዘንድ ደረስን። አልሐምዱሊላህ።

ተራራውን ያን ቀን አላየነውም። በመንገድ ላይ «ታዲያ ምን አየን?» ብዬ እህቴን ብጠይቃት «ልጄን አየሁት» አለችኝ። በሳምንቱ «መቼ እንመለሳለን?» ብላ የጠየቀችው እሷው ናት።

ውድ ወጣቶች፣ ዕውቀት ካላችሁ በትሕትና ግን በግልጽ ተናገሩ። ወላጆችም ሆይ፣ ልጅ ያወቀውን ይወቅ፤ ስሙት። በበረዶ ላይ የምትሄዱ ቤተሰቦች መራመጃችሁን በክብደታችሁ ምረጡ፤ የመንገዱን ርዝመት ግን ከመካከላችሁ በደካማው ለኩ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።