የተሰነጠቀ ቀለህ ድምፅ

ቀለህ ተተኩሶ ከወደቀ ሥራው ያለቀ ይመስላል። አባቶቻችን ግን ጥይት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ባዶውን ቀለህ ለቅመው፣ ባሩድና እርሳስ ሞልተው መልሰው ይተኩሱበት ነበር። ውጅግራ የምንለው ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ነው፤ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ አገራችን ገባ። ጥይቱም እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ እስከ መሆን ደረሰ።

በጅቡቲ ከተማ፣ የወደብ ሠራተኞች በሚበዙበት በአርሂባ ሰፈር በእንግድነት ባረፍንበት ሰሞን፣ አንድ አፋር ሽማግሌ ከአያታቸው የወረሷቸውን የውጅግራ ቀለሆች አሳዩን። የባሕሩ ጨዋማ አየር አረንጓዴ ዝገት አልብሷቸዋል። ሽማግሌው በመዳፋቸው ሰብስበው ሲያንቀጫቅጯቸው፣ ከጥርት ያለው ድምፅ መካከል አንዱ ደፈን ብሎ ተሰማ። ለይተው ሲያወጡት አንገቱ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ተገኘ። ባለቤታችንም «ይኸማ ጀበና ስንገዛ በጣታችን ኳ እያደረግን የምናዳምጠው ነው!» አለች።

ነገሩ ግን ከጀበና ይከብዳል። ባሩዱ ሲቀጣጠል ቀለሁ ተለጥጦ ከጠመንጃው ጉረሮ ጋር ይጣበቃል፤ ጋዙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚገታው እርሱ ነው። ደጋግሞ በተሞላና በተተኮሰ ቁጥር ናሱ እየደረቀ አንገቱ ይሰነጠቃል። ከመቀመጫው ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ከታየም ግድግዳው ከውስጥ ሳስቷል፤ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ በውስጡ ሲሳብ ቦዩ ለእጅ ይታወቃል። እንዲህ ያለው ቀለህ ለሁለት ሲበጠስ ትኩሱ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

ዛሬ ጥይት ከፋብሪካ ተሞልቶ ቢደርሰንም ምርመራው አልቀረም፤ ሳይተኮስ የሚሰነጠቅም አለና። በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ ያስቀመጣቸው ጥይቶች ይሰነጠቁበት ነበር። ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞንያ ውጥረት ያለበትን ናስ እንደሚሰነጥቅ እ.ኤ.አ. በ1921 በምርምር ተብራራ። ስለዚህ ጥይት ከበረትና ከርጥበት ይራቅ።

ቁጠባ የቤት ሞገስ ነው፤ በዚህ ላይ ግን አያዋጣም። የተሰነጠቀ ጀበና ቢበዛ ቡና ያፈስሳል፤ የተሰነጠቀ ቀለህ ዓይን ያጠፋል። የሚያጠራጥረንን ባዶ ቀለህ በፒንሳ ጨፍልቀን እንጣለው፤ ሌላው አንሥቶ እንዳይሞላው።