ከወንበራቸው ያልወረዱት ሰው

የማድሪድ ባራሃስ አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ በአዶልፎ ሱዋሬዝ ስም ይጠራል። ስሙን አንብቦ ሻንጣውን እየጎተተ ያለፈ ሐበሻም አይጠፋም። ስለ ሰውየው ትንሽ ላውጋችሁ (ቀኖቹና ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)።

በ1932 አቪላ ውስጥ ሴብሬሮስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ያደጉት በአምባገነኑ ፍራንኮ ሥርዓት ነው፤ የመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ኃላፊ ነበሩ፣ ኋላም የአገሪቱ ብቸኛ ሕጋዊ ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ፍራንኮ በሞተ በማግስቱ ዓመት፣ በ1976፣ ንጉሥ ሁዋን ካርሎስ ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው። ገና 43 ዓመታቸው ነበር። ለውጥ የናፈቀው ሁሉ ቅስሙ ተሰበረ፤ የዚያው ቤት ልጅ ምን ሊያመጣ!

ያ ቤት ግን በየት በኩል እንደሚከፈት የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የፍራንኮ ምክር ቤት የራሱን ፍጻሜ የሚያውጅ ሕግ ቀረበለት። 425 ሰዎች ደገፉት፣ የተቃወሙት 59 ብቻ። የገዛ ወንበሩን በድምፁ የሚያስረክብ ምክር ቤት! ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

ቀጥሎ ኮሚኒስት ፓርቲውን ሕጋዊ አደረጉ፤ ሚያዝያ 9 ቀን 1977፣ ቅዳሜ ስዑር ዕለት። (ያን ዓመት ፋሲካችንም ከእነሱው ጋር ነበር የዋለው።) የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ተቆጥተው ሥልጣን ለቀቁ፤ ብዙ መኮንኖችም ቂም ያዙ። በሁለት ወሩ ስፔን ከ1936 ወዲህ የመጀመሪያውን ነጻ ምርጫ አካሄደች። በሚቀጥለው ዓመት ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው መራራ ነው። ኑሮ ተወደደ፣ የባስክ ተገንጣዮቹ የኤታ ታጣቂዎች ግድያ በረታ፣ የገዛ ፓርቲያቸው ከውስጥ ተበላ። ጥር 1981 ሥልጣን በቃኝ አሉ።

የካቲት 23 ቀን፣ ምክር ቤቱ ተተኪያቸውን ለመሾም ድምፅ እየሰጠ ሳለ፣ ቴሄሮ የሚባል ሌተና ኮሎኔል ሽጉጡን መዝዞ፣ ወታደሮቹን አስከትሎ ገባ። ምክትላቸው ጄኔራል ጉቲዬሬዝ ሜያዶ፣ 68 ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ፣ ተነስተው ተጋፈጡት። ወታደሮቹ ገፈተሯቸው፣ እሳቸው ግን አልወደቁም። ከዚያ ጥይቱ ወደ ጣሪያው ተንጣጣ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ወንበር ሥር ገባ። ጄኔራሉ እንደቆሙ ቀሩ፣ የኮሚኒስቱ መሪ ካሪዮም ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም። ሱዋሬዝም በሰማያዊው የሚኒስትሮች ወንበር ላይ፣ ዙሪያው ባዶ ሆኖ፣ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። የጥይቱ ቀዳዳ ዛሬም ጣሪያው ላይ አለ። የዚያን ዕለቱን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ዓይኔ የሚሄደው ወደዚያች ወንበር ነው።

መፈንቅለ መንግሥቱ ከሸፈ። ሕዝቡ ግን ሱዋሬዝን ቶሎ ረሳቸው። በሚቀጥለው ምርጫ አዲሱ ፓርቲያቸው ያገኘው ሁለት መቀመጫ ነው። በ2001 ባለቤታቸውን፣ በ2004 ሴት ልጃቸውን በካንሰር አጡ። አልዛይመር ደግሞ ቀስ እያለ ሁሉንም ወሰደባቸው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር እንደነበሩ እንኳ ጠፋባቸው።

በ2008 ንጉሡ የአገሪቱን ታላቅ ኒሻን ይዘው ቤታቸው ድረስ መጡ። ሱዋሬዝ አላወቋቸውም። ልጃቸው ከኋላ ሆኖ ፎቶ አነሳቸው፦ ሁለት ሽማግሌዎች ጀርባቸውን ሰጥተው በአትክልቱ ውስጥ ይሄዳሉ፣ የንጉሡ ክንድ የወዳጃቸው ትከሻ ላይ ነው።