ያልነገርኳት ነገር

በጤና ሙያ ብዙ ሕፃናት ከትቤአለሁ። አንዱን ግን ባስታወስኩ ቁጥር አፍራለሁ። ጊዜው 2001 ዓ.ም.፣ ቦታው ሰሜን ሸዋ ነው። ልጁ ስድስት ሳምንቱ ነበር። እናቱ እግሩን ያዘችልኝ፤ ጠብታውን አፉ ውስጥ ጨምሬ ጭኑን ወጋሁት። "የዛሬ ወር ይዘሽው ነይ" አልኳት። ወረፋው ረጅም ነበርና ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

በወሩ ቀረች። እኛ ባለሙያዎች ልጇን ሳታስከትብ የቀረችን እናት ሁሉ "ግንዛቤ የላትም" ማለት ይቀናናል። እኔም እንዲያው እያልኩ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ደጃፍ ላይ የተቀበሉኝ አማቷ ናቸው።

"ልጁን የወጋሽው አንቺ ነሽ? ጤነኛ ልጅ ሰጥተንሽ ሌሊቱን በትኩሳት ሲነድ አደረ። ጭኑም አበጠ። አሁን ደግሞ ልትደግሚው መጣሽ?"

"የሰው ወሬ አይስሙ" የሚለው የተለመደ መልሳችን አፌ ላይ መጣ። ዋጥ አደረግኩት። እኚህ ሴት የነገሩኝ በዓይናቸው ያዩትን ነው። ትክትክን፣ ዘጊ አናዳንና መንጋጋ ቆልፍን ጨምሮ አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ያ መርፌ ለአንድ ሁለት ቀን ሊያተኩስ፣ የተወጋውንም ቦታ ሊያሳብጥ እንደሚችል አውቅ ነበር። አውቄ ዝም አልኩ። እነሱም ያን ሌሊት ብቻቸውን ፈሩ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ" አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና "እስቲ ግቢ" አሉ።

ገብቼ ምንም ከማለቴ በፊት ያን ሌሊት እንዴት እንዳደሩ ጠየቅኳቸው። እናቲቱ "የሚሞትብኝ መስሎኝ ነበር" አለች። ያኔ ነገርኳት፤ ትኩሳቱ ሰውነቱ በሽታውን መከላከል ሲለማመድ የሚመጣ መሆኑን፣ ጡት ደጋግማ እንድትሰጠው፣ ትኩሳቱ አልለቅ ካለው፣ ጡት እንቢ ካለ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ሳትውል ሳታድር እንድታመጣው። "ምንም አይሆንም" ብዬ አልማልኩላትም።

የአማቷ ፊት የፈንጣጣ ጠባሳ ነበረበት። ስለ እሱ ስጠይቃቸው በዚያው በሽታ የሞተ ወንድማቸውን አነሱ። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. መሆኑን፣ በሽታውን ያጠፋውም ክትባት መሆኑን አጫወትኳቸው። "እናስብበታለን" ብለው ሸኙኝ።

በሳምንቱ ሕፃኑን ይዘው ሁለቱም መጡ። ገና መርፌውን ሳላነሳ አማቲቱ "ዛሬስ ምን ያደርገው ይሆን?" ብለው ጠየቁኝ።

ወረፋው እንደ ወትሮው ረጅም ነበር። ቁጭ ብዬ መለስኩላቸው።